ለአባ ሻሽ ጎረቤት የፈለግንበት ክረምት

ኮሶበር ከተማ የገባሁት በዚህ ዓመት ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ በማደሪያችን አንድ ክፍል ውስጥ ከዚህ በፊት ከማላውቃቸው ልጆች ጋር እኖራለሁ። ባለፈው እሑድ ዝናቡ አላስወጣ ብሎን ሁላችንም አልጋ አልጋችን ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ አንዷ የፀጉር ቅባቷን ከፈተች። የመስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ቅጠል ነክሮበት የረሳው የብርጭቆ ውሃ ነበር፤ ውሃው አረንጓዴ ለብሶ መሽተት ጀምሯል። የቅባቱ ሽታና የቆየው ውሃ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲገናኙ የማነበው ነገር ከዓይኔ ጠፋ። ሁለቱን ሽታዎች አንድ ላይ የማውቃቸው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዳንግላ፣ ከአክስቴ ከጥሩወርቅ የሴቶች ፀጉር ቤት። አራተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት።

የእኛ ቤት ከአዘና ወጣ ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። እናቴ ዳንግላ ያለችው ታናሽ እህቷ ዘንድ ደውላ እንድታስጠጋኝ ስትለምናት፣ አክስቴ የመለሰችውን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ።

«እኔ ደስ ይለኛል» አለች። «ግን ቤቴን ታውቂዋለሽ። አንድ ክፍል ነው፤ ለልጆቹ ያለኝም አንድ አልጋ ነው። ልጄ ማህሌት ደግሞ ብቻዋን መሆን ለምዳለች። ክረምቱን ትምጣና እንያቸው። ከተስማሙ መስከረም ላይ አስመዘግባታለሁ። ካልተስማሙ ግን ሁለቱንም እያስለቀስኩ አልኖርም።»

እናቴ ስልኩን ዘግታ ለረጅም ጊዜ ፀጉሬን ስትዳስስ ቆየች። «ዝም በይ፣ ፈገግ በይ፣ የሷን ነገር አትንኪ» አለችኝ። ሦስቱንም በልቤ ያዝኩ።

ከዳንግላ መናኸሪያ ወደ አክስቴ ቤት የሄድኩት በጋሪ ነው። ፈረሱ በዝናብ ርሶ ጀርባው ይጨስ ነበር። ባለጋሪው በአገውኛ ሲያዋራኝ ቆይቶ በሩ ላይ ሲያወርደኝ በአገውኛ አመሰገንኩት። ማህሌት ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። ፀጉሯ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ማስያዣዎች ሞልተዋል።

«እናቴ» ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች፣ «ዘመድሽ መጣች። ከፈረሱ ጋር እያወራች ነው።»

ከውስጥ ሴቶች ሲስቁ ሰማሁ። እኔም ፈገግ አልኩ።

አመሻሹ ላይ አልጋችንን አሳየችኝ። አንዱ ጎኑ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ፣ በሌላው ጎኑ ኮመዲኖ ያለው አልጋ ነው። ማህሌት አንድ ትልቅ ፎጣ ጠቅልላ ከራስጌ እስከ ግርጌ መሃል ለመሃል አጋደመችው። «ይሄ ድንበር ነው» አለች። «ግድግዳው ያንቺ፣ ኮመዲኖው የኔ። እግርሽ ካለፈ ለእናቴ እነግራታለሁ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ነበር የምተኛው።

ፀጉር ቤቱ ከመኖሪያው ክፍል ጋር በአንድ በር ይገናኛል። አንደኛው ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወት ነው። ጥጉ ላይ ካስክ አለ፤ ሴቶቹ ፀጉራቸውን ጠቅልለው ሥሩ የሚቀመጡበት፣ ሙቅ አየር የሚነፋ ትልቅ ቆብ። እኔ ካስኩ ሐሳብ የሚያወጣ መኪና ይመስለኝ ነበር። ተክዘው የተቀመጡ ሴቶች ከሥሩ ሲነሱ ፊታቸው ፈክቶ፣ ቀልሏቸው ነበር የሚነሱት። ደግሞም ጆሯቸው በነፋሱ ስለሚደፈን ከሥሩ ሆነው የሚያወሩት እየጮሁ ነው። እኔም ሐሳቡ በአፋቸው እየወጣ ነው ብዬ አምን ነበር።

ሐምሌ ገብቶ ጥቂት እንደቆየ አንድ ጋሪ በራችን ላይ ቆመ። ባለጋሪው አልተሳፈረም፤ ፈረሱን በልጓሙ ይዞ በእግሩ ነበር የመጣው። ጋሪው ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ሰናይት የምትባል የአክስቴ ደንበኛ ሁለት እጇን ጭናበት ተቀምጣለች። ሰናይት የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች። ወደ ባሕር ዳር ተዛውራ፣ ቤት እስክታገኝ ዘመድ ጋ ልትቆይ መሄዷ ነው። ጋቢው ሲገለጥ ከአንድ ጄሪካን ብዙም የማይበልጥ ውሃ የያዘ አኳሪየም፣ ዓሣ የሚኖርበት የብርጭቆ ሣጥን ወጣ፤ ውስጡ አሸዋ፣ ጥቂት ቅጠልና አንድ ዓሣ ብቻ ነበር።

ከዚያ በፊት ዓሣ የማውቀው ገበያ ላይ፣ ሞቶ፣ ዓይኑ ደርቆ ነው። ይሄ ግን እንደ ቀለም ብልቃጥ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ እንደ ፍም ቀይ ነበር። ክንፎቹና ጅራቱ ከአካሉ ይበልጣሉ፤ ሲዞር ተከትለውት ይዞራሉ፣ ሲቆም ግን ትንሽ ቆይተው ነው የሚቆሙት። አውራ ጣቴን የማያክል ነገር ይህን ሁሉ ልብስ እንዴት እንደሚሸከም ገርሞኝ ቀረብኩ። ወደ ውሃው ጫፍ ወጣ፣ አፉን ከፍቶ ከአየሩ አንድ ጉንጭ ጎረሰ፣ ተመልሶም ወረደ። ወሬያችንን ሊሰማ የወጣ መሰለኝ።

«ቤታ ነው የሚባለው» አለች ሰናይት። «ከዚህ ምግብ ጠዋት ጥቂት ፍሬ ብቻ ስጡት። የቧንቧ ውሃ ወዲያው አትጨምሩበት፤ በባልዲ ይደር። ብርድ ይገድለዋል፤ ውሃው ውስጥ ያለው ይህ ማሞቂያ ሁልጊዜ ይሰካ። መብራት ከጠፋ ትንሽ የውሃ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ ክደኑና ላዩ ላይ አንሳፍፉለት። ጥሩዬ፣ አደራ።»

«አደራ በልቼ አላውቅም። ሂጂ፣ ሚኒባሱ ጥሎሽ ይሄዳል» አለች አክስቴ።

ውሃ የመቀየሩን ሥራ እኔ ለመንኩ፤ ተሰጠኝ። አክስቴም አኳሪየሙን ከመስታወቱ ፊት ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። «መስታወቱ እጥፍ ያደርገዋል፤ ያምራል» አለች። እውነቷን ነበር። ዓሣው ወደ መስታወቱ ዞሮ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ክንፉን፣ ጅራቱን፣ ከጉንጩ ሥር ያለውን ሽፋን ሳይቀር አንድ ላይ ዘረጋው። ትልቅ ሆነ። እየተንቀጠቀጠ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። ሴቶቹ እልል አሉ።

በዚያን ሰዓት እማማ ብርቄ ፀጉራቸውን እየተሠሩ ነበር። እማማ ብርቄ ዶሮ ያረባሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላላቸውን ገበያ አድርሰው ሲመለሱ አክስቴ ዘንድ ጎራ ይላሉ። ባዶ ቅርጫታቸው ሁልጊዜ ከእግራቸው ሥር ነው።

«ሻሹን ዘርግቶ የሚጨፍር ወንድ ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። «እንግዳ ሆኖ ሲገባ እንዲህ ደስ ያለው። አባ ሻሽ በሉት።»

አባ ሻሽ ተባለ። ቀኑን ሙሉ ይጨፍራል፤ ደንበኛ በገባ ቁጥር «አያችሁት?» ይባላል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ነበር የማየው። እንደኔ እንግዳ ነው፤ እንደኔ በሰው ቤት ነው፤ ታዲያ ምንም ሳይከፋው ከጠዋት እስከ ማታ ደስታውን ያሳያል። እንደሱ መሆን አለብኝ ብዬ ወሰንኩ። ጉንጬ እስኪያመኝ ፈገግ እያልኩ መዋል ጀመርኩ።

ማህሌትም ደስተኛ ትመስለኝ ነበር። እኔ ባለሁበት ሁሉ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ያላትን ማስያዣ ሁሉ ደርድራ፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ጮክ ብላ ታነባለች። አልፋ ስትሄድ ቀሚሷ ይነካኛል። እኔም ፈገግ እልላታለሁ።

ውሃ ስቀይር ብቻ ነበር ፈገግታዬን የማሳርፈው። ማንም አጠገቤ ከሌለ አባ ሻሽን በቀስታ በአገውኛ አዋራው ነበር። ስለ ጥጆቻችን፣ ስለ እናቴ እነግረዋለሁ። ወደ ላይ ወጥቶ ይጎርስና ይወርዳል። የሰማኝ ይመስለኛል።

ሐምሌ ሳያልቅ አባ ሻሽ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ ጭፈራው አጠረ። ቀጥሎ ቀለሙ ገርጥቶ እንደታጠበ ጨርቅ ሆነ። በመጨረሻ ማሞቂያው ሥር ተጋድሞ፣ ምግቡ ከላዩ ሲወርድ እንኳን አይነሳም። አክስቴ እየሠራች ዓይኗ እሱ ላይ ነበር፤ አደራ ነዋ።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። በሽታው ምን እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልተጠራጠረም።

«ብቸኝነት ነው» አለች ፀጉሯን የምትታጠብ አንዲት አስተማሪ። «ብቻውን የሚበላ ፍጡር እንዴት ይጠግባል?»

«ሚስት አምጡለት» ብላ ጮኸች ካስኩ ሥር ያለችው።

«ቀስ በይ፣ መንገደኛው ሁሉ ሰማሽ» አለች አክስቴ።

«ምን አልሽ?» ብላ ደግሞ ጮኸች።

እማማ ብርቄም ከንፈራቸውን መጠጡ። እውነትም በእኛ አገር ብቻውን ተቀምጦ የሚበላ ሰው ሲያይ የማይከፋው የለም፤ አልፎ ሂያጅ እንኳን ገብቶ አብሮ ይቀመጣል። ዓሣውም ከዚህ የተለየ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጎረቤት እንዲፈለግለት ተወሰነ።

እኔም በልቤ ሌላ ነገር ወሰንኩ። አባ ሻሽ አብሮት የሚኖር ካገኘ እኔም እዚህ እቀራለሁ፤ ካላገኘ እመለሳለሁ። ለምን እንዲህ እንዳሰብኩ አሁን መናገር ይቸግረኛል። ያን ጊዜ ግን የአክስቴ ቃል ለሁለታችንም የተነገረ መስሎ ታይቶኝ ነበር።

የሰፈር ልጆች ከከተማው በታች ካለው ወንዝ አንድ ትንሽ ግራጫ ዓሣ በጣሳ ይዘው መጡ። ማህሌት ጣሳውን አየችና ወደ እኔ ዞረች። «ይሄ ያንቺ ነው» አለች። «እንዳንቺ ከገጠር የመጣ።»

ግራጫው ዓሣ አኳሪየሙ ውስጥ ሲገለበጥ ለአፍታ አሸዋው ላይ ተደበቀ። ከዚያ እንደ ጥይት ተወርውሮ የአባ ሻሽን ጅራት ነከሰ። አባ ሻሽ ሊሸሽ ሞከረ፤ ልብሱ ግን ረጅም ነው፣ ከኋላው ቀርቶ ይጎተታል። ግራጫው ደግሞ ተመልሶ ነከሰ። አንድ ሰማያዊ ብጣሽ ተቀዶ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። አክስቴ የሻይ ማጥለያ ይዛ ሮጠች። ስታሳድደው፣ ውሃው ሲፈስ፣ ሴቶቹ ከወንበራቸው ሲነሱ፣ ማህሌት ጆሮዬ ሥር «አየሽ? መጥቶ ነከሰው» አለችኝ።

ግራጫውን ወደ ጣሳው መልሰው ልጆቹ ወደ ወንዙ ይዘውት ሄዱ። በሩ ላይ ቆሜ እስኪርቁ አየኋቸው። ቀጥሎ የእኔ ተራ ነው አልኩ በልቤ።

አክስቴ የዚያኑ ቀን ሰናይት ዘንድ ደወለች። በዝናቡ ምክንያት ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ብዙ ሞከረች። ሲይዝላት እጇ በቅባት ስለነበር ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ሁላችንም እንሰማለን።

«ሰናይት፣ ዓሣሽ ታሟል። ብቻውን ሆኖ ነው ብለን ጓደኛ ብናስገባለት ነከሰው።»

«ውይ ጥሩዬ፣ ይሄን ሳልነግርሽ ሄድኩ። እሱ ብቻውን ነው የሚኖረው። ያ ውሃ በሙሉ ቤቱ ነው። ሌላ ወንድ ካየ እስኪሞት ይጣላል፤ ሴትም ብትሆን ያሳድዳታል። ጅራቱ የረዘመ፣ ቀለሙ የደመቀ ሁሉ ጠላት ይመስለዋል። ፈጣን የሆነው ደግሞ እሱን ይነክሰዋል።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጭፈራ ለማን ነው የሚጨፍረው?»

«የምን ጭፈራ?»

«ሻሹን እየዘረጋ ነዋ። ቀኑን ሙሉ ነበር እኮ የሚጨፍረው።»

ኔትወርኩ የጠፋ መሰለን።

«የት ነው ያስቀመጣችሁት?» አለች ሰናይት።

«መስታወቱ ፊት።»

«ጥሩዬ፣ እሱ ጭፈራ አይደለም። መስታወቱ ውስጥ ሌላ ወንድ ቆሟል ብሎ ነው። ቤቴን ሊቀማኝ መጣ ብሎ ነው። ትልቅ ለመምሰል ነው እንዲያ የሚዘረጋው።»

ሁላችንም ወደ መስታወቱ ዞርን። መስታወቱ ውስጥ እኛ ነበርን፤ በፊታችን ደግሞ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጅራቱ የተቀደደ አንድ ትንሽ ዓሣ፣ ከጀርባው ደግሞ ሌላ እሱን የመሰለ። ስንት ቀን እልል ብለንለታል። ስንት ቀን ጠላቱ ሳይሄድለት ሲመሽበት ኖሯል።

«ምን አለች?» ብላ ጮኸች ካስኩ ሥር ያለችው ሴት።

«ፈርቶ ነው አለች» አለች አክስቴ።

«ማን?»

እኔ ዓይኔን ሳነሳ መስታወቱ ውስጥ ማህሌትን አየሁ። በበሩ መቃን ተደግፋ ቆማለች። የክት ቀሚሷን ለብሳለች። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ያላትን ማስያዣ ሁሉ አድርጋለች።

ፈገግ ልላት ጀምሬ ተውኩት።

አባ ሻሽ መስታወት ወደሌለበት መዛወር ነበረበት። በመኖሪያው ክፍል ደልዳላ ቦታ የነበረው የማህሌት ኮመዲኖ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በአሻንጉሊቶቿ ተሞልቷል። አክስቴ እጇን ጠርጋ ልጇ ፊት ተቀመጠች። «ኮመዲኖው ያንቺ ነው። እምቢ ካልሽ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።»

ማህሌት ብዙ አሰበች። ከዚያ አሻንጉሊቶቿን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረች። ላግዛት እጄን ስዘረጋ እማማ ብርቄ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«ተያት፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ራሷ ታንሳው።»

ሰናይት ከስልኩ ሳትወጣ አንድ ነገር ተናግራ ነበር። በዚያች ትንሽ ቤት ሌላ ዓሣ አይጨመርም፤ ግን ግድ ጎረቤት ይኑረው ካላችሁ ቀንድ አውጣ እልክላችኋለሁ አለች። ቀስ ትላለች፣ ጅራት የላትም፣ ቤቷን ይዛ ስለምትዞር የሱን አትመኝም። ነገር ግን መጀመሪያ ይረፍ፤ ቀለሙ ሲመለስ ደውሉልኝ።

እንዲያርፍ ተውነው። እኔና ማህሌት አልጋው ላይ፣ ከፎጣው ወዲህና ወዲያ ሆነን፣ ዝም ብለን እናየው ነበር። የሚገርመው ምንም ሳናደርግለት መዳኑ ነው። መጀመሪያ የክንፉ ዳር ቀላ። ቀጥሎ ሰማያዊው ከጭንቅላቱ ጀምሮ ወደ ጅራቱ እየወረደ ተመለሰ። የተቀደደው ቦታ ላይ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ፣ ቀለም የሌለው አዲስ ክንፍ በቀለ። ከቀን ወደ ቀን ወደ ቀለሙ ሲመለስ አፋችንን ከፍተን ነበር የምናየው።

«በአገውኛ ምንድን ነው የምትዪው?» አለችኝ ማህሌት አንድ ከሰዓት።

የሰማችኝ አልመሰለኝም ነበር። «ስለ ጥጆቻችን ነው» አልኳት።

«ይገባዋል?»

«አላውቅም። ግን ወጥቶ ይሰማል።»

አሰበችና «እኔንም አስተምሪኝ። ቀላሉን» አለች። ቀላሉን አስተማርኳት። ስትለው ተሳሳተች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። እሷ ራሷ ሳቀች።

ፍልሰታ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ መብራት ጠፋ። አክስቴ ገበያ ነበረች። የአኳሪየሙ ውሃ በእጃችን ስንነካው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ማህሌት ከሰል አቀጣጠለች፣ እኔ ውሃ ጣድኩ። እሷ ፕላስቲኩን ይዛ እኔ ስቀዳ እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው፤ ፕላስቲኩ አመለጣትና ሙቁ ውሃ ኮመዲኖው ላይ ፈሰሰ። ውሃው ወደ ማሞቂያው ሶኬት እየሄደ ነው። ማህሌት ዙሪያዋን አየች፤ እጇ ላይ የገባላት የአልጋው ፎጣ ነበር። ከመሃል ጎትታ ጣለችበት። ሁለታችንም በላዩ ላይ ተጋድመን አደረቅነው። ሁለተኛውን ፕላስቲክ ስንሞላ አልፈሰሰም። አባ ሻሽ ተንሳፋፊው ሙቀት ሥር መጥቶ ተጠጋ።

ፎጣውን ውጭ ገመድ ላይ አሰጣነው። በዚያ ክረምት ፎጣ ቶሎ አይደርቅም ነበር።

ቀንድ አውጣዋ በሚኒባስ መጣች። መናኸሪያው ላይ ረዳቱ በሩን ከፍቶ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ወደ ላይ አነሳና «የዚህች ተሳፋሪ ዘመድ ማን ነው?» አለ። እኔና ማህሌት እጃችንን አወጣን።

«እንደሷ ያለ ተሳፋሪ በበዛልኝ ያሰኛል» አለ። «ከባሕር ዳር እስከዚህ መስኮት ክፈት፣ መስኮት ዝጋ አላለችም።»

ወደ ብርሃን አንስተን አየናት። ቢጫ ናት። ከቅርፊቷ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ቀንዶች ወጡ፤ በስሱ ነካኩ፤ መልሰው ገቡ።

እማማ ብርቄ አይተዋት «ዝም ብላችሁ እንዳትለቋት» አሉ። «እኔ አዲስ ዶሮ የገዛሁ እንደሆነ ከነባሮቹ መሃል ይሄን ቅርጫት ደፍቼ ከሥሩ አስቀምጣታለሁ። ያዩአታል፣ ይዞሯታል፣ መንቆር ግን አይችሉም። ሲሰለቻቸው ትተዋት ጥሬ ይለቅማሉ። ቅርጫቱን ያን ጊዜ ነው የማነሳው።»

«ስንት ቀን ይፈጃል፣ እማማ?» አለች ማህሌት።

«እሱን ዶሮዎቹን ጠይቂ።»

ቅርጫት ውሃ ውስጥ አይሆንም። የማርማላታ ብርጭቆ አጥበን ቀንድ አውጣዋን ከነውሃዋ ጨምረን፣ አፉ ከውሃው በላይ እንዲሆን አኳሪየሙ ውስጥ አቆምነው። አባ ሻሽ አይቷት ሻሹን ዘረጋ። ብርጭቆውን ዞረ። አሁን ጭፈራ እንዳልሆነ ስለምናውቅ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የምናየው። «አይዞህ» ትለዋለች ማህሌት ባስተማርኳት አገውኛ፣ አጣማ። በማግስቱም ዘረጋ። ከዚያ ግማሹን ብቻ ዘረጋ። አንድ ጠዋት ብርጭቆው አጠገብ ደርሶ አያትና፣ ምንም ሳይዘረጋ ወደ ምግቡ ሄደ።

«ጥሬ ለቀመ» አለች ማህሌት።

ብርጭቆውን ሁለታችንም ይዘን ቀስ ብለን አጋደምነው። ቀንድ አውጣዋ እስክትወጣ የቆየንበት ጊዜ ረጅም ነበር። ወጣች። አባ ሻሽ መጥቶ አንድ ጊዜ ቀንዷን ነካት፤ እሷ በሯን ዘጋች። ጠበቀ። ከፈተች። እሱ ፊቷን አየ፣ እሷ በአጠገቡ አልፋ የአኳሪየሙን ግድግዳ እየላሰች መውጣት ጀመረች። እሱም ዞሮ ወደ ቅጠሉ ሥር ሄደ። ያ ብቻ ነበር። እኔ ግን እንባዬ መጣ።

መስከረም ሊጠባ ጥቂት ሲቀረው አንድ ጠዋት አክስቴ ጮክ ብላ ጠራችን። ከቅጠሉ አጠገብ ውሃው ላይ ነጭ አረፋ ተጠራቅሟል።

«ሻምፑ ገብቶበታል» አለች። ፊቷ ተለዋውጧል። «ሰናይት ቤት አግኝታ ልትወስደው በደረሰች ጊዜ። ማናችሁ ናችሁ?»

ውሃ የምቀይር እኔ ነኝ። ማህሌት ስሜን እስክትጠራ ጠበቅሁ።

«እሷ አይደለችም» አለች ማህሌት። «እጇን በሳሙና ታጥባ አትነካውም። ሁልጊዜ አያታለሁ።»

ያን ጊዜ አባ ሻሽ ወጣ። ከአየሩ አንድ ጉንጭ ጎረሰ፤ እንደ ወትሮው አልወረደም። አረፋው ሥር ሄዶ አፉን ከፈተ፤ አንዲት የጠራች የአረፋ ፍሬ ወጥታ ከአረፋው ጋር ተጣበቀች። ተመለሰ። ጎረሰ። ሌላ ጨመረ። አንዷ ስታመልጠው ተከትሎ በአፉ ያዛትና ወደ ቦታዋ መለሳት።

አክስቴ ኮመዲኖው ፊት ተንበረከከች። ሦስታችንም ጭንቅላታችንን አንድ ላይ አድርገን አየነው። ስንደውልላት ሰናይት ሳቀች። «ጎጆ ሠርቶ ነው» አለች። «በትንፋሹ ነው የሚሠራው፤ ልጆች ቢኖሩት የሚያሳድግበት ነው። ሚስት ባትኖርም ይሠራል። ካልተመቸው ግን አይሠራም።»

እናቴ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ድንች የሞላ ዘንቢል ይዛ ነበር። ድንቹን በአክስቴ ጓዳ ዘርግፋ ዘንቢሉን አራገፈችና በሩ ሥር አቆመችው። ልብሶቼ ልክ የሚገቡበት ዘንቢል ነው። ለምን እዚያ እንዳቆመችው ገባኝ።

አክስቴ «ፀጉርሽን ሳትሠሪ አትሄጂም» ብላ ፀጉሯን አጠበችላት፣ ጠቀለለችላት፣ ካስኩ ሥር አስቀመጠቻት። እናቴ በሕይወቷ ካስክ ሥር ተቀምጣ አታውቅም። ጉዳዩን በሹክሹክታ ልትጠይቅ ነበር የፈለገችው፤ ወደ እህቷ ዘንበል ስትል አይቻለሁ።

«ልጆቹ ተስማሙ ወይ?» ብላ ጮኸች።

አስተማሪዋም፣ እማማ ብርቄም፣ ሁሉም ሰምቷል። አክስቴ ማበጠሪያዋን ይዛ ወደ ማህሌት ዞረች። ማህሌት ሄዳ ካስኩን ወደ ላይ አነሳችው፣ እናቴን ከነጥቅልሏ በእጇ ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል መራቻት። እኔ ተከተልኩ።

አረፋውን አሳየቻት። «በትንፋሹ ነው የሠራው» አለች። «እንዳይነኩት።»

እናቴ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየች። አባ ሻሽ ወጣ፣ ጎረሰ፣ ጨመረ። ከአኳሪየሙ ግርጌ ቢጫዋ ጎረቤቱ ቀስ እያለች ታልፋለች። «በትንፋሹ?» አለች እናቴ፣ ራሷን የምትጠይቅ ያህል በቀስታ። ከዚያ ወደ አልጋው ዞረች። «ልጄስ የት ጋ ነው የምትተኛው?»

ግድግዳውን ልጠቁም እጄን አነሳሁ። ማህሌት ቀደመችኝ። ኮመዲኖው ያለበትን በኩል በእጇ መታ መታ አደረገችው።

«እዚህ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው። ማታ ማታ አየር ሲጎርስ የምትሰማው እሷ ናት። እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

እናቴ በማግስቱ ወደ አዘና ተሳፈረች። ጋሪው ላይ ስትወጣ ዘንቢሉን አጥፋ በብብቷ ይዛው ነበር፤ ባዶውን።